ከጸደቀ በጀት ላይ የወደቀ ዋጋ፦ የሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ማሻሻያና የመሃል አዲስ አበባ የ2017 በጀት ዓመት

በኢትዮጵያ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የፈቀደው ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያጠናው በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ሦስት ሳምንታት የተፈጠረውን ክፍተት ነው፤ በጀቱ ተዘጋጅቶና ጸድቆ ካለቀ በኋላ፣ የተዘጋጀበት ዋጋ በአንድ የሰኞ ጠዋት ሲለወጥ፣ ውሳኔውን ያልወሰነው ነገር ግን ውጤቱን በየቢሮውና በየታክሲ ተራው የሚያስተናግደው ከተማ ምን አደረገ የሚለውን ጥያቄ ይከተላል። በወቅቱ በመሃል ከተማ በሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የፋይናንስ ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ የጉዳዩን ትልቁን ክፍል ከሰነድ፣ ትንሹን ደግሞ ከራሴ ጠረጴዛ እጽፋለሁ።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለ2017 በጀት ዓመት ያጸደቀው በጀት 230.39 ቢሊዮን ብር ነበር። የቀደመው ዓመት 140.29 ቢሊዮን ብር ስለነበር ዕድገቱ ከ60 በመቶ በላይ ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታይ የትኛውንም የፋይናንስ ባለሙያ የሚያስደስት ቁጥር ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ሲሠራ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ማሻሻያው በታወጀበት ዕለት የንግድ ባንክ ዋጋ ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከ120 ብር አልፎ ነበር። የከተማውን በጀት በመጀመሪያው ዋጋ ብናሰላው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ በ120 ብር ብናሰላው ግን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በታች ይወርዳል። ከተማው በዶላር አይገዛም፣ ደመወዝም በዶላር አይከፍልም የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ክርክሩም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የአውቶቡስ መለዋወጫው፣ የውኃ መግፊያ ፓምፑ፣ የመንገድ መብራቱ፣ የጤና ጣቢያው መመርመሪያ ኬሚካልና የማተሚያ ቀለሙ የሚመጡት ከባሕር ማዶ ነው፤ የተማሪዎች ምገባ ዘይትም ቢሆን ከዶላር የራቀ አይደለም።

ፌዴራል መንግሥቱም ያንኑ ችግር ገጥሞታል፤ መፍትሔው ግን የተለየ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ መጨረሻ 971.2 ቢሊዮን ብር አጽድቆ የነበረ ሲሆን፣ በኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ይህ ተጨማሪ ከመነሻው በጀት ወደ 60 በመቶ የሚደርስ ነው። ከበስተጀርባውም የዓለም የገንዘብ ድርጅት ማሻሻያው በታወጀበት ዕለት ያጸደቀው የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርና የዓለም ባንክ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ነበሩ። ውሳኔውን የወሰነው አካል፣ የውሳኔውን ዋጋ የሚሸፍንበት ምንጭ ከውሳኔው ጋር አብሮ አግኝቷል ማለት ነው።

ከተማው ግን እንዲህ ያለ ምንጭ የለውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላቸው፤ አስተዳደሩ ደግሞ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። አዲስ አበባ እንደ ክልሎች በየዓመቱ በቀመር በሚከፋፈል ድጎማ የምትተዳደር ከተማ አይደለችም፤ አብዛኛውን ወጪዋን ከራሷ ነጋዴ፣ ከራሷ ሠራተኛ፣ ከራሷ መሬትና ከራሷ ጣሪያና ግድግዳ የምትሰበስበው ገንዘብ ነው የሚሸፍነው። በመደበኛ ጊዜ ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። የአገሪቱ ፖሊሲ በዓመቱ መካከል ሲለወጥ ግን ኩራቱ ወደ ጭንቀት ይለወጣል፤ ምክንያቱም ጉድለቱን ለመሙላት የሚንኳኳ ሌላ በር የለም፤ የሚንኳኳው የነዋሪው በር ነው።

ለሦስት ቀን የሚጸና ዋጋ

ከትልቁ ቁጥር ወደ አንድ ካርቶን የማተሚያ ቀለም ልውረድ። ወረዳ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አነስተኛ ግዥ የሚፈጸመው ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ በማሰባሰብ ነው። ፕሮፎርማው ይመጣል፣ የግዥ ኮሚቴው ተሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ ይመርጣል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ የሒሳብ መደቡ ላይ በቂ ገንዘብ መኖሩ ይረጋገጣል፤ ከዚያ የግዥ ትዕዛዝ ይወጣል። ሁሉም ሰው ቢሮው ቢገኝ አንድ ሳምንት፣ አንዱ ስብሰባ ቢወጣ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ሂደት ነው። ከማሻሻያው በፊት ይህ መዘግየት ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ፕሮፎርማ ግርጌ ላይ የሚጻፈው የዋጋ መጽኛ ጊዜ ሠላሳ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነበርና።

በሐምሌ 2016 አጋማሽ ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስበን ነበር። አሸናፊው ሲለይና ትዕዛዙ ሲወጣ ነሐሴ ገብቷል። ትዕዛዙን ይዤ መርካቶ ስደርስ ነጋዴው ወረቀቱን እንኳ ሳይቀበለኝ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሐምሌ ዋጋ ነው፤ አሁን እኔ ራሴ በዚህ አላገኘውም» አለኝ። ትክክሉን ነው የተናገረው፤ ዕቃው ከመጋዘኑ ቢወጣም በዚያ ዋጋ ሊተካው አይችልም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጋዴም ያንኑ መለሱልን። እንደ ደንቡ ግዥው ተሰርዞ እንደገና ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ አዲሶቹ ሦስት ወረቀቶች ግርጌ ላይ ደግሞ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ3 ቀን ብቻ ነው» የሚል በእስክርቢቶ ተጽፎ ነበር።

የዚህን ሐረግ ትርጉም ከውጭ ላለ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ሳምንት የሚፈጅ የግዥ ሥርዓትና ለሦስት ቀን የሚጸና ዋጋ አብረው ሊሠሩ አይችሉም። ሕጉን አክብሮ የሚገዛ ቢሮ አይገዛም፤ ለመግዛት የቸኮለ ቢሮ ደግሞ ለኦዲት ግኝት ይጋለጣል። አብዛኛው የፋይናንስ ሠራተኛ የመረጠው አለመግዛትን ነው፤ የኔም ምርጫ ያው ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ወራት በበጀት ሪፖርት ላይ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ተብሎ የተመዘገበው ነገር ሁሉ ስንፍና አልነበረም። የመታወቂያ ወረቀት የሚጠብቅ ነዋሪ «ቀለም አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» ሲባል የምንዛሪ ማሻሻያው እርሱ ጋ የደረሰበት መልክ ይኸው ነበር፤ እርሱ ግን ከሐምሌ 22 ጋር የሚያገናኘው ምክንያት አልነበረውም፣ የሚያየው ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠውን ሠራተኛ ነው።

የቢሮ ዕቃ በሒሳብ መደብ 6212፣ ነዳጅና ቅባት በ6217 ይያዛሉ። እነዚህ መደቦች በአጠቃላይ ሥራ ማስኬጃ የሚባሉት ናቸው፤ ከከተማው ጠቅላላ በጀት ውስጥ ትንሹን ድርሻ ይይዛሉ፤ ነዋሪው በየቀኑ የሚያገኘው አገልግሎት ግን በእነሱ ላይ የቆመ ነው። በእኔ ግምገማ የ2017 በጀት ዓመት ዋናው ጉዳት ያረፈው እዚህ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከሥራ ማስኬጃው በላይና በታች ያሉትን ሁለት ግድግዳዎች ማየት ያስፈልጋል።

ደመወዝ

የመጀመሪያው ግድግዳ ደመወዝ ነው። መንግሥት የማሻሻያውን ጫና ለማቅለል ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገው የደመወዝ ጭማሪ ዝቅተኛውን እርከን ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛውን ደግሞ ከ20,468 ብር ወደ 21,492 ብር አሳድጎታል። ታች ያለው ከአራት እጥፍ በላይ ሲያድግ፣ ላይ ያለው በ5 በመቶ ብቻ ጨመረ። በፍትሕ ዓይን ሲታይ ሊነቀፍ የማይችል ነው፤ በ1,100 ብር የሚኖር የጥበቃ ሠራተኛ መኖሩ ራሱ አሳፋሪ ነበር። ለበጀት ሠሪ ግን የተለየ ትርጉም አለው፤ ጭማሪው የሚከብደው ብዙ ከፍተኛ ባለሙያ ባለው መሥሪያ ቤት ላይ ሳይሆን ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ተላላኪና ዝቅተኛ እርከን ሠራተኛ በበዛበት፣ ወደ ነዋሪው በቀረበ መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ይህም ማለት ወረዳ ነው።

የአንዱን ሠራተኛ ሒሳብ እንሥራው። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ በነበረው የገቢ ግብር ሕግ ከ600 ብር በላይ ያለ ደመወዝ ግብር ይከፈልበት ነበር። 1,100 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 50 ብር ግብር ይከፍላል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ማለትም 121 ብር ይጨምርለታል። የከተማው ሠራተኛ ግብር ተመልሶ ለከተማው ስለሚገባ፣ ለአስተዳደሩ የተጣራ ወጪው 1,171 ብር ነበር። በ4,760 ብር ግብሩ 649 ብር ከ50 ሳንቲም፣ የአሠሪው መዋጮ 523 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል፤ የተጣራ ወጪው 4,634 ብር ከ10 ሳንቲም ደረሰ። ሠራተኛው ራሱ 7 በመቶ ጡረታና ግብሩ ተቆርጦበት በእጁ የሚያገኘው 3,777 ብር ከ30 ሳንቲም ነው። የጡረታ መዋጮው ከሁለቱም ወገን ወደ ፌዴራል ፈንድ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በማለፊያ ላንሳ። አራት ኪሎ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያይ ሰው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና የከተማው መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን መሆናቸውን ያያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራል ሠራተኞች የገቢ ግብር የፌዴራል መንግሥቱ ነው። ስለዚህ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በከተማው አውቶቡስ ይመጣል፣ በከተማው የእግረኛ መንገድ ይሄዳል፣ ልጁ በከተማው ትምህርት ቤት ይመገባል፤ የደመወዙ ግብር ግን ወደ ሌላ ካዝና ይገባል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ዋና ከተማ መሆን የሚያስከፍለው ነው፤ ግን በቀመር በሚደጎሙት ክልሎችና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን ልዩነት ስናነሳ ሊረሳ የማይገባው ነው።

ሁለተኛው ግድግዳ የካፒታል ፕሮጀክት ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ወደ ሌሎች የከተማዋ መስመሮች ሰፍቷል። ሥራው ሌሊትና ቀን በፈረቃ የሚካሄድ፣ በየሳምንቱ በበላይ አመራሮች የሚጎበኝና በቴሌቪዥን የሚታይ ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት «ዋጋ ስለጨመረ እናዘግየው» አይባልም። ደመወዝ አይቀነስም፣ ፕሮጀክቱ አይቆምም፤ የቀረው በመካከል ያለው ሥራ ማስኬጃ ነው። በዓመቱ አጋማሽ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው የሚደረግ የበጀት ዝውውር ጥያቄ በየጊዜው ስንሞላ፣ ገንዘቡ የሚነሳበት ቦታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያው መሃሉ ነበር።

ነዳጁ የአንዱ፣ ታሪፉ የሌላው

የነዳጅ ጉዳይ ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ እዚህ ላይ ፌዴራል መንግሥቱ ጫናውን በከፊል ራሱ ተሸክሟል፣ ይህንንም አለመጥቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሐምሌ 2014 የታለመ ድጎማ ሲጀመር አንድ ሊትር ቤንዚን 47.83 ብር ነበር። ማሻሻያው ሲታወጅ 82.60 ብር ደርሶ የነበረ ሲሆን፣ በመስከረም 2017 መጨረሻ ወደ 91.14፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ወደ 101.47 ብር አደገ። ዶላሩ በእጥፍ ሲወደድ በማደያ ያለው ዋጋ እስከ ታኅሣሥ የጨመረው በ23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱን የያዘው የፌዴራል ድጎማ ነው፤ ከኅዳሩ ተጨማሪ በጀት ከፊሉም ለዚሁ የታሰበ ነበር።

ችግሩ የሥልጣን ክፍፍሉ ላይ ነው። የነዳጅ ዋጋ የሚወስነው የፌዴራሉ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፤ የታክሲ ታሪፍ የሚወስነው ግን የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው። ሚኒስቴሩ አንድ ምሽት ላይ መግለጫ ያወጣና በማግስቱ ማደያው ዋጋውን ይለውጣል። ቢሮው ደግሞ ታሪፍ ለመከለስ ርቀት ይለካል፣ ከማኅበራት ጋር ይነጋገራል፣ ያጸድቃል፣ ለረዳቶች ያሳውቃል። በሁለቱ መካከል ባሉት ቀናትና ሳምንታት ሹፌሩ በአዲስ ዋጋ ነዳጅ እየቀዳ በአሮጌ ታሪፍ እንዲሠራ ይጠበቃል። ሹፌሩ ይህን አያደርግም፤ የሚያደርገው መስመር ማቆራረጥ ነው።

ከአራት ኪሎ መገናኛ በአንድ ታክሲ መሄድ የለመደ ተሳፋሪ፣ በዚያ ወቅት ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ረዳቱ «ቀበና! ቀበና!» ሲል ብቻ ነው የሚሰማው። ቀበና ወርዶ ሌላ ታክሲ ይጠብቃል፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በታሪፍ ሠሌዳው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። የትራፊክ ተቆጣጣሪው ረዳቱን ይቀጣል፣ ረዳቱ ማደያ ሄዶ ሰልፍ እንደሚያድር ይነግረዋል፣ ተሳፋሪው ሁለቱንም ይረግማል፤ ሦስቱም ከተማው ውስጥ ናቸው፣ ውሳኔው ግን ከከተማው ሥልጣን ውጭ ነው። በወቅቱ እኔም ከአራት ኪሎ ተራ ብዙ ምሽት ቆሜያለሁ፤ ሰልፉ ከተራው አልፎ ሲጠመዘዝ ሰው በመሃል «አንበሳ መጣ!» እያለ ሰልፉን ጥሎ ይሮጥ ነበር።

አውቶቡሱ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ከወጪው በታች እንዲሸጥ ከተማው ይደጉማል፤ ናፍጣው በ83.74 ብር ዓመቱን ጀምሮ በታኅሣሥ መጨረሻ 98.98 ብር ሲደርስ፣ መለዋወጫውም በአዲሱ ምንዛሪ ሲገባ፣ ትኬቱ ባለበት ከቆየ ድጎማው ይሰፋል። ታክሲው መስመር ባቆራረጠ ቁጥር ደግሞ ወደ አውቶቡሱ የሚመጣው ሕዝብ ይበዛል። በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉም ሳይረሳ፣ ያረጀ ሚኒባሱን በተመሳሳይ ለመተካት ያሰበ ባለንብረት ያለው ምርጫ ጠቦ ነበር።

ገቢው ከየት መጣ

የወጪው ታሪክ ይህ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከየት ተገኘ? የዓለም የገንዘብ ድርጅት ፕሮግራም ከሚጠይቃቸው ዋና ነገሮች አንዱ የአገሪቱን የታክስ ገቢ ማሳደግ ነው፤ ኢትዮጵያ ከአገር ውስጥ ምርቷ በታክስ የምትሰበስበው ድርሻ ከ8 በመቶ በታች ወርዶ ነበርና። ለከተማው ገቢዎች ቢሮ ይህ ብሔራዊ ግብ ከራሱ ጉድለት ጋር ተደርቦ መጣ። ቁጥጥሩ በየሱቁ በረታ፤ ያለ ደረሰኝ መሸጥና መግዛት ላይ ያለው ክትትልም ጠነከረ።

በኅዳር 2017 መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘጉ። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተሰራጭቶ ነበር፤ ቢሮው ወሬው ሐሰት መሆኑንና የሚካሄደው የደረሰኝ ቁጥጥር መሆኑን ገለጸ። የሁለቱም ወገን ክርክር እውነት አለው። ደረሰኝ ሳይሰጥ የሚሸጥ ነጋዴ ደረሰኝ የሚሰጠውን ይጎዳል፤ ይህን ማንም ሐቀኛ ነጋዴ አይክድም። ነገር ግን መርካቶ ያለው ቸርቻሪ ዕቃውን የሚያገኘው ከላይ ካለ አስመጪና ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ ላይኛው ደረሰኝ ካልሰጠው ታችኛው ከየት ያምጣ? ቁጥጥሩ የጀመረው ለመንኳኳት ከቀለለው በር ነው። ለእኔ ግዥ የሦስት ቀን ዋጋ የጻፈልኝ ነጋዴም በዚያ ሳምንት ሱቁን ዘግቶ ነበር።

በአራዳ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ከዶሮ ማነቂያና ከፒያሳ ዙሪያ በኮሪደር ልማቱ የተነሱት ትናንሽ ሱቆች በማኅደር የተመዘገቡ ግብር ከፋዮች ነበሩ። አንዳንዱ ሌላ ክፍለ ከተማ ገብቶ ንግዱን ቀጠለ፣ አንዳንዱ ፈቃዱን መለሰ። ከተማው በአጠቃላይ ያጣው ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ለአንድ ወረዳ ግን የገቢ ዕቅድ የሚሰጠው ባለፈው ዓመት ላይ ተጨምሮ ስለሆነ፣ በማኅደሩ የቀሩት ነጋዴዎች የተነሱትንም ድርሻ እንዲሸፍኑ የሚያስገድድ ሒሳብ ይፈጠራል። ዕቅዱ የወረደው ሰዎቹ ከተነሱ በኋላ ነው፤ ዕቅዱን ያዘጋጀው ሰንጠረዥ ግን አልሰማም።

ለ2018 በጀት ዓመት ከተማው ያጸደቀው በጀት 350.14 ቢሊዮን ብር ነው፤ ከ2017ቱ በ52 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህኛው ሲዘጋጅ ቢያንስ አዲሱ የምንዛሪ ዋጋ ይታወቅ ነበር። ዳሩ ግን በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ ግብር የማይከፈልበት ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የዚያ 4,760 ብር ተከፋይ ግብር ከ649 ብር ከ50 ሳንቲም ወደ 452 ብር ወረደ፤ ለሠራተኛው ዕፎይታ ነው፣ ለከተማው ገቢ ደግሞ ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በወር 197 ብር ከ50 ሳንቲም ጉድለት ነው። ከዚያም በነሐሴ 2017፣ የከተማው በጀት ጸድቆ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 6,000 ብር የሚያሳድግ አዲስ ጭማሪ ተነገረ።

ማስታወቂያው በወጣ ሳምንት የደመወዝ ዝርዝሩን እንደገና ለመሥራት ቢሮ ስንገባ፣ የግዥ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ ለአዲሱ ዓመት የተሰበሰቡ ሦስት የቀለም ፕሮፎርማዎች ነበሩ። አሁን ግርጌያቸው ላይ ያለው ጽሑፍ በእስክርቢቶ የተጨመረ አይደለም፤ ከፎርሙ ጋር አብሮ ታትሟል፦ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ3 ቀን ብቻ ነው»።